ወግ አጣቢ

ውድ ዘመናይ፣

ጥፋተኛዋ አንቺ ነሽ። ሌላ ሰው ፈልጌ ነበር፤ አጣሁ። እናትና አባታችን ቀድመውን ሄደዋል፤ የሞተ ሰው አይከሰስም። ሰዓት ሠሪው ሱቁን ዘግቶ ከሄደ ወዲህ ያለበትን የሚያውቅ የለም። ልጅሽ ደግሞ ነገሩ ሲጀመር ገና አልተወለደችም። ስለዚህ የቀረሽው አንቺ ነሽ።

«ውድ» ብዬ የጀመርኩት ፊደል ያስቆጠረችን መምህር ደብዳቤ በዚህ ይጀመራል ስላለችን ነው። መጀመሪያ እጄ እምቢ ብሎኝ ነበር። በኋላ ሳስበው ቃሉ ልክ ሆኖ አገኘሁት። በሕይወቴ እንዳንቺ ውድ ነገር አልገጠመኝም፤ ያለኝ ሁሉ ያለቀው ባንቺ ነው።

ይህን ደብዳቤ ማንም አልጻፈልኝም። ፊደሎቹ እንደ ሰካራም ተደጋግፈው የቆሙት ለዚያ ነው። ስታነቢው ትስቂ ይሆናል። ሳቂ፤ ግን እስከ መጨረሻው አንብቢው። ዕድሜ ልኬን አንቺ ያነበብሽልኝን ስሰማ ኖሬያለሁ፤ አንድ ቀን እኔ የጻፍኩትን ብታነቢ ምንም አትሆኚም።

ከስልኩ ልጀምር። ሰሞኑን ላውንደሪ ስትደውዪልኝ ካውያው በእጄ ነበር። ስልኩን በጆሮዬና በትከሻዬ መሀል ወትፌ ነው ያወራሁሽ። እንዳትክጂ ቃል በቃል ልጻፍልሽ።

«እትዬ፣ እሁድ ልጅቷና ያ ሰውዬ አንቺ ቤት ይመጣሉ» አልሽኝ።

«የቱ ሰውዬ?»

«ሊፍት ጠጋኙ ነዋ! ሚስቱን የፈታው። ልጅ ያለው። ላግባው ብላ ድርቅ ብላለች።»

«ታዲያ እኔ ምን ላድርግ?»

«እምቢ በያቸዋ! እኔ ማለት አልችልም፤ ታውቂኛለሽ። መሥሪያ ቤት ስንቱ ወጣት ነው የልቡን የሚያማክረኝ፤ ሰው ከወደደ የወደደውን ያግባ እያልኩ የምከራከር ሰው ነኝ። አንቺ ስትይው ግን ያምርብሻል። በቃ፣ በእኛ ቤት እንዲህ ያለ ነገር አይደረግም በይ። መቼም ወግ አጥባቂ ነሽ፤ አትቸገሪም።»

ዘጋሽው። እኔ የነቃሁት ከካውያዬ ሥር ጭስ ሲወጣ ነው። የአንድ ጠበቃ ሸሚዝ ነበር፤ ኮሌታው ላይ የካውያው አፍ ታትሞ ቀረ። የላውንደሪው ባለቤት ከወዲያ ሆኖ፣ «ተኳሿ! ዛሬ ደግሞ ሰው መታሽ?» አለኝ። እዚህ ቤት ስሜ ተኳሿ ነው፤ ልብስ ስለምተኩስ። ሌላ ጊዜ ቢሆን እስቅለት ነበር።

«እኔስ አልመታሁም፤ እኔን ነው የመቱኝ» አልኩት።

የመታኝ ያ ቃል ነው። ወግ አጥባቂ።

ቃሉን መጀመሪያ የሰማሁት ካንቺ አፍ ነው። አንቺ ረስተሽው ይሆናል። ያን ጊዜ ተማሪ ነበርሽ። የምንኖረው መጋረጃ ለሁለት በከፈለው አንድ ክፍል ውስጥ ነበር፤ ከደረጃው ሥር ደግሞ ሰዓት ሠሪው ጠባብ ሱቅ ነበረው። እኔ እተኩሳለሁ፣ አንቺ ትማሪያለሽ። የግድግዳ ሰዓታችን በቆመ ቁጥር ወደ እሱ ይዤው እወርዳለሁ። አሁን እውነቱን ልንገርሽና ሰዓቱ ሁልጊዜ አይቆምም ነበር። እሱም ያውቃል። ጀርባውን ከፍቶ እፍ ይልበትና፣ «ይቺ ሰዓት የምትቆመው ሰው ሲናፍቃት ነው» ይለኛል። እኔ አፌን በሻሼ ሸፍኜ እወጣለሁ።

አንድ ቀን ነጭ ሸሚዝ ይዞ ላውንደሪ መጣ። «ለነገ ትደርስልኛለች? ጉዳይ አለኝ» አለ። እጅጌው ላይ ፒጋ፣ እንደ ቢላ የሚቆርጥ የካውያ መስመር፣ አውጥቼ ሰጠሁት። በማግስቱ ዝናብ እየዘነበ በራችን ተንኳኳ። አንቺ ከፈትሽ። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ነበርኩ። አጮልቄ ሳይ መጀመሪያ ያየሁት ፊቱን ሳይሆን እጅጌውን ነው። የገዛ እጄን ፒጋ አየሁ። ለካስ ጉዳዩ እኔ ነበርኩ።

ሰውዬው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ስለነበር የጠየቀውን አልሰማሁም። ያንቺ ድምፅ ግን ጥርት ያለ ነበር።

«እህቴ እኮ ወግ አጥባቂ ናት። እንዲህ በቀላሉ የምትሆን ሰው አይደለችም።»

«ይቅርታ፣ አላወቅኩም ነበር» አለና ወረደ።

ቃሉን አላውቀውም። ግን ወግ አለበት። ወግ ደግሞ ደግ ነገር ነው፤ እናታችን ስትመርቀኝ «ለወግ ለማዕረግ ያብቃሽ» አልነበር የምትለው? ስለዚህ ወግን አጥብቃ የያዘች፣ የተከበረች ማለት ነው አልኩ። ታናሽ እህቴ በሰው ፊት አመሰገነችኝ ብዬ ከመጋረጃው ጀርባ ሻሼን አስተካከልኩ። ሞኝን ቢሰድቡት የመረቁት ይመስለዋል።

ስትመለሺ፣ «ማን ነበር?» አልኩሽ።

«ሰዓት ሠሪው። ሰዓቱ ደህና ይሠራል ወይ ብሎ ነው።»

እንደዋሸሽኝ አውቄያለሁ፤ ግን ስለ እኔ አፍረሽ መሰለኝና ዝም አልኩ። ሰውዬው ደግሞ፣ ወግ አጥባቂ ከሆነችማ ሰው ይዤ በወጉ ልምጣ ብሎ የሄደ መሰለኝ። ጠበቅሁት። ሲመጣ እንደተባልኩት ሆኜ እንዲያገኘኝም ራሴን አጠበቅሁ። የቀሚሴን የላይኛውን ቁልፍ ሳልቆልፍ ከቤት አልወጣም። መንገድ ላይ አልስቅም። ሰዓቱ እውነት የቆመ ዕለት እንኳ፣ ወግ አጥባቂ ሴት በየሱቁ አትዞርም ብዬ ተውኩት። ሰዓቱም ቆሞ ቀረ፤ እኔም ቆሜ ቀረሁ። ከከርሞ ወዲያ ሱቁ ተዘጋ።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። እኔ ወረቀት እንኳ አልነበረኝም፤ ቃሉን በባዶ እጄ ይዤ ነው የኖርኩት።

አንቺ ተመረቅሽ። ሥራ ያዝሽ፣ ፀጉርሽን ተቆረጥሽ፣ ከሰፈሩ ሴት ሁሉ ቀድመሽ ሱሪ ለበስሽና ዘመናይ ተባልሽ። የዚያን ሱሪ ፒጋ ማን እንዳወጣልሽ ግን የጠየቀ የለም። እንግዳ ሲመጣ፣ «ተዋወቁ፣ እህቴ ናት፤ ወግ አጥባቂ ናት» ትያለሽ። እንግዶችሽ ፈገግ ይላሉ። እኔም በኩራት አንገቴን ሰበር አደርጋለሁ። ያ ፈገግታ ምን እንደነበረ ያወቅሁት አሁን በስተርጅና ነው።

አንድ ጊዜ ፊደል አስቆጥሪኝ ብዬሽ ነበር። «እትዬ ደግሞ! ምን አደከመሽ፣ እኔ አነብልሽ የለም?» አልሽኝ። ታዲያ አንቺ ልታነቢልኝ ያልፈለግሽውን ከየት ልወቀው?

ፊደል የቆጠርኩት በላውንደሪው ባለቤት ምክንያት ነው። ልብሱ ላይ የደንበኛው ስም የተጻፈበት ወረቀት መስካት ሲጀመር፣ «ተኳሿ፣ ወይ ፊደል ቁጠሪ ወይ ቤትሽ ተቀመጪ» አለኝ። ከሥራ በኋላ፣ ልጆቹ ወጥተው ሲያልቁ፣ ትምህርት ቤቱ ውስጥ እንማራለን። ወንበሮቹ የሕፃን ስለሆኑ ስንቀመጥ ጉልበታችን አገጫችንን ሊነካ ምንም አይቀረው።

አንድ ቀን መምህሯ፣ ስለ ራሳችሁ አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ አለች። እኔ ምን ይከብደኛል! ማዕረጌን አውቀዋለሁ። ብድግ ብዬ ሰሌዳው ላይ «እኔ ወግ አጣቢ ነኝ» ብዬ ጻፍኩ። ልጽፍ የፈለግኩት እሱን አልነበረም። አጣቢ የምትለዋን ቃል ከላውንደሪያችን በር ላይ ስለለመድኳት እጄ ወደ እሷ ሄደብኝ።

ክፍሉ ሳቀ፤ ሳቅ ብቻ አይደለም፣ ወንበር ሁሉ ተንቀጠቀጠ።

«እስቲ የኛንም ወግ እጠቢልን!» አለ ዘበኛው።

«በሙቅ ነው በቀዝቃዛ?» አለች ሽንኩርት ሻጯ።

«ኧረ በሙቅ አይሆንም፣ ያጥራል!»

መምህሯም ሳቋን እየዋጠች አረመችልኝ። ከዚያ ግን ጠጋ ብላ፣ «እማማ፣ ስለ ራስዎ ለምን እንዲህ ይላሉ?» አለችኝ።

«ምን አልኩ? እህቴ ናት ያወጣችልኝ። የተማረች ናት።»

መምህሯ ጠመኔውን በጣቷ አዞረችው። «ወግ አጥባቂ ማለት እኮ የድሮውን አልለቅም የሚል፣ አዲስ ነገር የማይወድ ሰው ማለት ነው።»

«ስድብ ነው ምርቃት?»

«እንደ ተናጋሪው ነው። አንዳንዱ ኮርቶበት ይለዋል። ግን እውነቱን ልንገርዎት፣ የተማረ ሰው ፋራ ማለት ሲያፍር ወግ አጥባቂ ይላል።»

ይህን ጊዜ ሁሉም የራሱን ማውጣት ጀመረ። ሽንኩርት ሻጯን ልጇ፣ «እማዬ፣ አንቺ ኔትወርክ የለሽም» ትላታለች። ዘበኛውን የልጅ ልጆቹ እንደ ድሮ ቴሌቪዥን «ጥቁርና ነጭ» ይሉታል። ጥግ የሚቀመጠው ጡረተኛ ሹፌር፣ «እኔንስ ምራቴ ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት ትለኛለች፤ አያድንም፣ ይጎዳል አለች» አለ። መምህሯ እየተቀበለች ትጽፋለች። ያረጀ ያፈጀ። ደረቅ። ግትር። ኋላ ቀር። ቆሞ ቀር። ሰሌዳው ሞላ። ሰዎቹ እንባቸው እስኪፈስ ይስቃሉ፤ ስድብ ከሰው ጋር ሲካፈሉት ይቀላል መሰለኝ። እኔ ግን ሰሌዳው ላይ ይታየኝ የነበረው ነጭ እጅጌ ነው። ለካስ ያን ቀን በር ላይ ቆመሽ፣ እህቴ ፋራ ናት፣ አትልፋ ነው ያልሽው። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ እየተሞሸርኩ ነበር።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ አልጽፍልሽም ነበር። የተቃጠለ ጨርቅ በካውያ አይድንም፤ ያለፈው አልፏል ብዬ በሆዴ እይዘው ነበር። ነገር ግን ደወልሽ። በማግስቱ ደግሞ ልጅሽ መጣች።

ጩጬ፣ ቁመቷ ከላውንደሪው በር እኩል ሆኖ እንኳ ጩጬ የምንላት ልጅሽ፣ ሰላም ሳትለኝ ነው የገባችው።

«አክስቴ፣ ምን በድዬሽ ነው?»

«እኔ ደግሞ ምን አደረግኩሽ?»

«እሁድ እምቢ ልትዪን አይደል? እማዬ ነገረችኝ። እኔማ ደስ ይለኛል፣ አክስትሽ ግን ይህን ከሰማች በቁሟ ትሞታለች አለችኝ።»

ካውያውን አቆምኩት። «በቁሜ?»

«ሁልጊዜ እኮ እንዲህ ነሽ! ልጅ ሆኜ ከትምህርት ቤት ጉዞ ልሄድ ስል፣ አክስትሽ ትታመማለች። ፀጉሬን ልቆረጥ ስል፣ አክስትሽ ታለቅሳለች። ጊታር ልማር ስል ደግሞ...»

«ጊታር ምን አደረገኝ?»

«አክስትሽ ጊታር ያለበት ቤት አትረግጥም ነዋ የተባልኩት!»

«ኧረ በሞትኩት! እኔ ጊታር በቅርብ አይቼ እንኳ አላውቅም!»

አየችኝ፤ አየኋት። ከዚያ ያልታጠበ ልብስ የሞላበት ከረጢት ላይ ቁጭ አለች።

«እማዬ ናት እንዴ?» አለች ቀስ ብላ። «ሁሉንም?»

አልመለስኩላትም። ላንቺ ስል ነው። ይልቅ፣ «ሰውዬው እንዴት ያለ ነው?» አልኳት።

ሊፍት ውስጥ ተዘግቶባት ስትጮህ ነው አሉ የተዋወቁት። እሱ ከውጭ እየፈታ፣ እሷ ከውስጥ እየተንቀጠቀጠች። «አይዞሽ እህቴ፣ የቆመ ሁሉ አልተበላሸም» አላት። ይህን ስትነግረኝ ፊቴን አዙሬ ሸሚዝ ፈለግሁ። እኔም አንድ የማውቀው ሰው ነበረኝ፤ እሱም ስለ ቆመ ነገር ቀልድ ያውቅ ነበር።

«ልጁስ?» አልኳት።

«ሴት ናት፤ ትንሽዬ። ቁልፍ መጫን ትወዳለች። ሊፍት ከገባች ሁሉንም ቁልፍ ሳትጫን አትወጣም። ሰው ሁሉ ይሳደባል።»

«ቁልፍ ከሆነማ እኔ ጋ ሞልቷል» አልኩና ከመደርደሪያው ሥር ቆርቆሮውን አወጣሁላት። ከየሸሚዙ ተበጥሶ የወደቀ፣ ደንበኛው ያልጠየቀውን ቁልፍ ሁሉ የማጠራቅምበት ነው። ጩጬ እጇን እስከ አንጓዋ ነከረችበትና እያለቀሰች ሳቀች።

«አክስቴ፣ አንቺ እኮ ፋራ አይደለሽም።»

«ነኝ እንጂ» አልኳት። «ግን የራሴን ፋራነት ነው የምፈልገው፣ የሰው አይደለም።»

እውነቴን ነው ዘመናይ። የማልወደው ነገር ሞልቶኛል። ሳያንኳኳ የሚገባ ሰው አልወድም። እያወራሁት ስልኩን የሚያይ አልወድም። ሱሪ ያለ ፒጋ ሱሪ አይመስለኝም። ለዚህ ፋራም በዪኝ፣ ደረቅም በዪኝ፣ ደስ ያለሽን ምረጪ፤ ሰሌዳ ሙሉ ቃል አለ። ግን ጊታር አልጠላሁም። የልጅ ፀጉር ሲቆረጥ አላለቀስኩም። ሚስቱን የፈታ ሰውም፣ የሊፍት ጠጋኝም፣ የሰው ልጅ ማሳደግም በቁሜ አይገድለኝም። አንቺንስ የራሴ ልጅ ሳትሆኚ ያሳደግኩሽ እኔ አይደለሁም?

አሁን ልትቆጪ ነው። አትቆጪ፣ ቆይ። ስወቅስሽ ቆይቼ እዚህ ስደርስ እጄ ራሱ ቀስ አለ። አልፈርድብሽም። ሰዓት ሠሪው በሩን ሲያንኳኳ አንቺ ገና ልጅ ነበርሽ። እናት የለ፣ አባት የለ፣ ያለሽው እኔ ብቻ ነኝ። እሷም ከሄደች በዚህች ክፍል ውስጥ ከማን ጋር ልቀር ነው ብለሽ ነው። የፈራ ልጅ የሚይዘው ሲያጣ የሚያገኘውን ይይዛል፤ አንቺም አንድ የመጽሐፍ ቃል አገኘሽና ከኋላዋ ተደበቅሽ። ዛሬም ያቺው ልጅ ነሽ። ባልሽ ከሄደ ወዲህ በዚያ ሰፊ ቤት ውስጥ ያላችሁት አንቺና ጩጬ ናችሁ። ሊፍት ጠጋኙን የጠላሽው ሚስት ስለፈታ አይመስለኝም። ሐኪምም ሆኖ ቢመጣ ሌላ ነገር ታገኚለት ነበር።

እኔን የሚያንገበግበኝ እምቢ ማለትሽ አይደለም። ያን ጊዜ መጋረጃውን ገለጥ አድርገሽ፣ «እትዬ፣ አትሂጂብኝ» ብትዪኝ ኖሮ እቀርልሽ ነበር። ወላሂ እቀር ነበር። ሰዓት ሠሪውንም ጠብቀኝ እለው ነበር፤ ይጠብቀኝም ይሆናል፣ ላይጠብቀኝም ይችላል። ቢያንስ ለምን እንደቀረሁ አውቄ እቀር ነበር። አንቺ ግን እምቢታሽን ለእኔ አልብሰሽ ሰደድሽው። እሱ እኔ እምቢ ያልኩት መስሎት ሄደ። ልጅሽም እኔ የከለከልኳት መስሏት አደገች፤ ልደቷ ሲመጣ ስስማት ፊቷን ለምን እንደምታዞር አሁን ገባኝ። አንድ አክስት ነበረቻት፤ ያቺንም አስፈራርተሽ ወሰድሽባት። ለእኔም አንዲት የእህት ልጅ ነበረችኝ።

እሁድ ኑ። አንቺም ነይ፤ አይመቸኝም እንዳትዪ። ከጎኔ ወንበር አስቀምጬልሻለሁ። ቆርቆሮው ለትንሿ ልጅ ጠረጴዛው ላይ ተዘጋጅቷል፤ ቁልፎቹን አጥቤያቸዋለሁ። ሰውዬው ደግሞ ሰዓቱን አይቶ ይንገረኝ፤ የቆመ ሁሉ አልተበላሸም ብሏል አይደል።

እምቢ ማለት ከፈለግሽ በገዛ አፍሽ በዪ። እምቢ በማለት ዘመናይነትሽ አይገፈፍም፤ ቢገፈፍም ያለሱ ይኖራል፣ እኔን እዪኝ። ወይም ከእምቢታው ሥር ያለውን በዪ። ጩጬን «አትሂጂብኝ» በያት። ቃሏ አጭር ናት፤ እኔ እንኳ አሁን ሳልሳሳት ጻፍኳት። ስትዪው እጅሽን ከጠረጴዛው ሥር እይዝልሻለሁ፤ ልጅ ሆነሽ ዝናብ ሲያስፈራሽ እንደምይዝሽ።

ሸሚዞችሽን አምጪ፤ እንደምትወጂው እተኩስልሻለሁ። በእንግዳ ፊት ወግ አጥባቂ ብትዪኝም ከእንግዲህ አልቀየምም፤ ቃሉን አውቀዋለሁ፣ መጻፍም እችላለሁ። የላይኛውን ቁልፌንም መቆለፌን አልተውም፤ ለምጄዋለሁ፣ ሲከፈት ይበርደኛል። እህትነቴም እስክሞት ያው ነው። ያንቺን እምቢታ ግን ከዛሬ ጀምሮ እኔ አልናገርልሽም።